ጭራቅና ይሉኝታ

ይሉኝታ ያለው ሰው የቪዲዮ ጌም አይሆንለትም ብዬ ነበር የማምነው። ጀግና ተብዬው ሳያንኳኳ የሰው ቤት ይገባል፤ ባለቤቶቹ ፊት ቁም ሣጥን ይከፍታል፣ ያገኘውን ሳንቲም ኪሱ ይከታል፣ ሲወጣ እንስራ ሰብሮ ይወጣል። አባወራው እዚያው ቆሞ ስለ ንጉሡ ሴት ልጅ መጠለፍ ያወራለታል። የእህቴ ልጅ ይህን ሲጫወት ከጎኑ ተቀምጬ፣ «ኧረ ቢያንስ እንደምን ዋላችሁ በላቸው!» እያልኩ ስጨቀጭቀው ከረምኩ።

«ጋሼ፣ ላንተ የሚሆን አለ» ብሎ አንደርቴልን የከፈተልኝ እሱ ነው፤ ዝም ለማሰኘት ይመስለኛል።

አንደርቴል ቶቢ ፎክስ የሚባል አሜሪካዊ ወጣት ድርሰቱንም ሙዚቃውንም አብዛኛውን በራሱ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ጨዋታ ነው። ማሠሪያውን ያገኘው ከሕዝብ በተሰበሰበ መዋጮ ነበር። 5,000 ዶላር ብቻ ጠይቆ ከ51,000 በላይ ገባለት። ለሠርግ መዋጮ ደብተር ይዞ የዞረ ሰው የዚህን ተአምርነት ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ታሪኩ አጭር ነው፤ አንድ ልጅ ተራራ ሲወጣ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል፣ ከሥር ደግሞ ድሮ በሰው ልጅ ተሸንፈው የተባረሩ ጭራቆች ይኖራሉ። ጭራቅ በገጠመህ ቁጥር መምታት ትችላለህ፤ ካልፈለግህ ግን ልታናግረው፣ ልታሞግሰው፣ ልትምረውም ትችላለህ። እስከ መጨረሻው አንድም ጭራቅ ሳይገድሉ ማለፍ ይቻላል። ሽምግልና የተቀመጠ ሰው ጨዋታ ነው በአጭሩ።

መጀመሪያ የምትቀበልህ ቶሪየል ናት። ረጅም ቀሚስ የለበሰች፣ መልኳ ግን የፍየል። ምሳ የፍየል ጥብስ በልቼ ስለነበር ዓይኗን ማየት ትንሽ ከበደኝ። እሾህ የተተከለበት ድልድይ ላይ ስንደርስ ይህ ለጊዜው ያስቸግርሃል ብላ እጄን ይዛ አሻገረችኝ። ጀግና ልሆን ነበር የመጣሁት። ቀጥላ ሞባይል ሰጠችኝና ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል ብላ ወደ ጉዳይዋ ሄደች።

ከዚያ መደወል ጀመረች። ቀረፋ ትወዳለህ ወይስ የቅቤ ከረሜላ? ቀረፋ አልኩ። ብዙም ሳትቆይ ደግማ ደወለች። የቅቤ ከረሜላውን ግን ትጠላዋለህ ማለት ነው? ሰሃንህ ላይ ብታገኘው ፊትህን ታዞራለህ? ኧረ በፍጹም አልኩ። ሌላ ጥሪ፦ የማይስማማህ ምግብ ይኖር ይሆን? ቤቷ ስደርስ ለካ ለእኔ ብላ ኬክ እየጋገረች ኖሯል። የራሴ መኝታ ቤት አዘጋጅታለች። ለዛሬ ስለ አንተ ስል የቀንድ አውጣ ኬኩን ትቼዋለሁ ስትለኝ ውለታዋ አጥንቴ ድረስ ገባ፤ በጾምም በፍስክም ስሙ የማይነሳ ነገር ነው ያተረፈችልኝ።

ችግሩ፣ ጨዋታው እንዲቀጥል ከቤቷ መውጣት አለብህ። መውጫው የት ነው ብለህ ስትጠይቃት ወሬ ትቀይራለች፤ ስለ ቀንድ አውጣ አንድ አስደናቂ ነገር ልንገርህ ትላለች። አጥብቀህ ስትይዛት ምድር ቤት ወርዳ በሩ ላይ ትቆምና እሳት ትወረውርብሃለች። ዘመድ ቤት ሄዶ «በሉ እንግዲህ ልነሳ» ያለ ሰው ይህን ትግል ያውቀዋል፤ «ቡና ሳትጠጣማ ከዚህ አትወጣም!» ማለት ነው፣ በእሳት ሲሆን። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ጉልበትህ ሊያልቅ ሲል እሳቱ አንተን እየሸሸ መውደቁ ነው። እኔ «ማር» የሚለውን እየደጋገምኩ ስጫን፣ እሷ ስትወረውር፣ በመጨረሻ አቀፈችኝና ሸኘችኝ።

የእህቴ ልጅ ያኔ በዚህ በኩል አልተሳካለትም። ትንሽ አድክሜያት እምራታለሁ ብሎ ሲመታት እጁ ላይ ሞተችበት። ደንግጦ ጨዋታውን ወደ ኋላ መለሰና ሳይገድላት አለፈ። ከበሩ ማዶ የምትጠብቀው ፍላዊ የምትባል ክፉ አበባ ግን ሁሉን ታውቃለች፤ ገድለሃት ነበር፣ ቆጭቶህ ነው የተመለስከው ብላ አፋጠጠችው። ልጁ ኮምፒዩተሩን ዘግቶ ቀጥታ ወጥ ቤት ገባና እናቱን «ሽንኩርት ልላጥልሽ?» አላት። እህቴ ምን ሰብሮብኝ ነው ብላ ቤቱን ስትፈትሽ አመሸች።

እኔ ግን ተሳክቶልኛል። ስኖውድሬክ የሚባል ቀልደኛ ነኝ ባይ ጎረምሳ አለ፤ የሚያሸንፈው በቀልዱ የሳቀለት ነው። ቀልዱን ሳይጀምር ከሳቅህ ግን ይቀየምሃል። ዕድሜዬን ሙሉ በስብሰባ ላይ በአለቃ ቀልድ ልክ ሰዓቱን ጠብቄ ስስቅ ለኖርኩት ይህ ውጊያ አይባልም። ኤረን የሚባል ጡንቻውን የሚያሳይ የባሕር ፈረስም አለ። አንተም ጡንቻህን ታሳየዋለህ፣ እሱ ይብስበታል፣ እንዲያው ሲወጥር ሲወጥር ራሱን ከክፍሉ አስወጥቶት ቁጭ። ጉረኛን በዚህ መንገድ መሸኘት እንደሚቻል በሠፈራችን ባውቅ ኖሮ!

ፓፒረስ የሚባል አጽም ደግሞ አለ፤ የሚያድነኝ ይዞ አስረክቦኝ የጭራቆቹ ንጉሥ ክቡር ዘበኛ ለመሆን ነው። ከተሸነፍክ ጋራዡ ውስጥ ያስርሃል፤ የበሩ ፍርግርግ ግን ሰው እንደ ልቡ የሚያሳልፍ ሰፊ ነው። ወጥተህ ሄደህ ዳግም ብትያዝ ደብዳቤ ትቶልህ ታገኛለህ፦ ስትጠፋ ተጨንቄ ነበርና ከማምለጥህ በፊት እባክህ አስፈቅድ። ከዚህ በኋላ ሳያስፈቅዱ መውጣት ነውር መሰለኝ።

ይህን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2016 ማቲው ፓትሪክ የተባለ ዩቲዩበር ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ቫቲካን ድረስ ወስዶ በስጦታ ሰጥቷቸዋል። ተጫውተውት ከሆነ ቶሪየል ቤት ስንት ቀን እንደቆዩ ማወቅ እፈልግ ነበር።

አሁን ያለሁት ቴሚዎች መንደር ነው። ድመትም ውሻም የሚመስሉ፣ ፊደል አስተካክለው የማይናገሩ ፍጥረቶች ናቸው፤ ሁሉም ስማቸው ቴሚ ነው፣ አንዱ ብቻ ቦብ። ሌላው ባለሱቅ ዕቃ ልሽጥልህ ስትለው አሮጌ ዕቃ የምገዛ መሰለህ ወይ ብሎ ይመልስሃል፤ ቴሚ ግን የያዝከውን ሁሉ ትገዛለች። ምኞቷ ኮሌጅ መግባት ነው። ክፍያው 1,000 ሳንቲም። የዘመድ ልጅ ክፍያ ሲባል እምቢ ማለት አላውቅም፤ ከፈልኩ። ወጣ አለች፣ የምረቃ ቆብ አድርጋ ተመለሰች። ወዲያው! ከዚያም እዚያው ባንኮኒዋ ጀርባ ቆመች፤ ተምራም ሥራው ያው ሱቁ ነው።

ትምህርቱ አንድ ነገር አስገኝቷል፤ በሱቅ ከሚገዛው ሁሉ የሚበልጥ የጦር ልብስ መሸጥ ጀምራለች። ዋጋው 9,999። ላስተማርኳት ለእኔ! የእህቴ ልጅን ባማክረው፣ ዋጋው እየወረደ የሚሄደው ተጫዋቹ በሞተ ቁጥር እንደሆነ ነገረኝ። ስለዚህ ሰሞኑን ማታ ማታ ሥራዬ እሳትና ጦር ፊት መቆም ሆኗል።

ትናንት እህቴ ራት ልትጠራኝ ብቅ አለችና፣ «ደግሞ ሞትክ እንዴ?» አለችኝ።

«ትንሽ ታገሺኝ፣» አልኳት፣ «ገና አልረከሰም።»