ታኮ፦ በሚኒባስ ስለሚጓዝ ድንጋይ የተደረገ ጥናት

የመኪና ፋብሪካ መኪናውን ሲሸጥ መመሪያ መጽሐፍ አብሮ ይሰጣል። መጽሐፉ ስለ ፍሬኑ፣ ስለ ፍሪሲዮኑና ስለ ዘይቱ አንድም ሳያስቀር ያትታል። በወረታና በደብረ ታቦር መካከል በሚመላለስ ሚኒባስ ውስጥ ከሚገኘው ንብረት ግን ገሚሱ እዚያ መጽሐፍ ላይ የለም። ይህ ጥናት ጉድለቱን ለመሙላት የቀረበ ነው። የጥናቱ ዘዴ በኋላ ወንበር ላይ ጉልበትን ከአገጭ አስጠግቶ መቀመጥ ሲሆን፣ ከዚህ የተሻለ መመልከቻ ለጊዜው አልተገኘም።

በመኪና ውስጥ የሚገኙ ባዕድ ነገሮች በአራት ይመደባሉ፤ ተንጠልጣይ፣ ተለጣፊ፣ ታሳሪና ተቀማጭ። ተንጠልጣዩ ከስፖኪዮው ላይ የሚወዛወዘው መቁጠሪያና መስቀል ነው። ተለጣፊው የቅዱሳን ሥዕል ነው፤ ከሥዕሉ ዝቅ ብሎም ስለ ምቀኛ፣ ስለ ፍቅርና ስለ ሂሳብ የተጻፈ ጥቅስ ይገኛል። በዚህ ላይ ብዙ ተብሏልና እንለፈው። ታሳሪ የምንለው በሽቦ፣ በላስቲክ ወይም በጨርቅ ታስሮ ሥራውን የቀጠለ ዕቃ ነው። የመስኮት ማውረጃው እጀታ ከመታሰርም አልፎ በግዞት ይኖራል። ለመስኮቶቹ ሁሉ አንድ ብቻ ነው፤ የሚቀመጠውም ሾፌሩ ዘንድ ነው። አየር ያማረው ተሳፋሪ በእጅ በእጅ ተቀባብሎ ያስመጣዋል፣ መስኮቱን ሦስት ጣት ያህል ያወርዳል፣ ወዲያው ከኋላ «ዝጉት፣ ብርድ ሊመታን ነው!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህ ድምፅ የሌለበት መኪና እስካሁን አልተመዘገበም።

ተቀማጩ ሰፊ ምድብ ነው። በወንበሮች መካከል የሚገባው ዱካ ከሁሉም ዓይን አፋር ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ከነተቀማጩ ይሰወራል። ረዳቱ «ጎንበስ በሉልኝ» ሲል ሽማግሌውም፣ የቆሎ ተማሪውም፣ የባንክ ሠራተኛውም እኩል ጎንበስ ይላሉ። ሃይላንድ ደግሞ በጋቢናው ወለል ላይ በመንጋ የሚኖር ፕላስቲክ ነው። በአንዱ የራዲያተር ውሃ፣ በሌላው የፍሬን ዘይት፣ በሦስተኛው ቤንዚን፣ በአራተኛው ጠበል፣ በአምስተኛው አረቄ ይቀመጣል። ሁሉም አንድ ዓይነት ክዳን ስላላቸው መለያው ማሽተት ነው። ጠበሉ በስሕተት ራዲያተር ውስጥ ቢገባ ጉዳት የለውም፤ የፍሬን ዘይቱ ጠበል መስሎ የታየ ዕለት ግን ሌላ ነገር ነው።

እነዚህ ለመግቢያ ያህል ናቸው። የጥናቱ ባለቤት ታኮ ነው።

ታኮ አቀበት ላይ የቆመ መኪና እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር የሚገባ ድንጋይ ነው። ከእንጨትም ይሠራል፤ ሆኖም በደብረ ታቦር ብርድ የእንጨት ታኮ ዕድሜ የለውም፤ አንዱ ያነደዋል። የእጅ ፍሬን የሚባል መሣሪያ በመኪናው ውስጥ መኖሩ ይታወቃል፤ ስለ እሱ ክፉ መናገር አያስፈልግም፤ የሚያምነው ሰው ግን አልተገኘም።

ታኮ የዱርና የቤት ተብሎ ይከፈላል። የዱር ታኮ በደረሱበት ቦታ ከመንገድ ዳር የሚነሣ፣ አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚቀር ነው። የቤት ታኮ ግን በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ሥር ቋሚ መኖሪያ አለው። አንድ ወገኑ ጠፍጣፋ ነው፤ ማዕዘኑ በጎማ ብዛት ለዝቧል፤ እጅ የሚይዘው ቦታ ወዝ ጠጥቶ ጠቁሯል። ሾፌር ይለወጣል፣ ረዳትም ተቆጥቶ ወደ ሌላ መኪና ይሄዳል፤ ታኮው ከመኪናው ጋር ይሸጣል። ሊብሬው ላይ ግን አይጻፍም።

ከቤት ታኮ ውስጥ ደግሞ ባለ ገመዱ ተለይቶ ሊታይ ይገባዋል። ገመዱ ወይም ሽቦው ድንጋዩን ወገቡ ላይ ይዞታል። ረዳቱ ከጎማው ሥር ጎንበስ ሳይል፣ ቆሞ ይስበዋል። ገመዱ የታሰረው ድንጋዩ እንዳይጠፋ ነው ወይስ ረዳቱ እንዳይዘገይ የሚለው አከራካሪ ነው። በመናኸሪያ የምንሰማው ሦስተኛ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም የጎረቤት መኪና ረዳት እንዳይሰርቀው ነው የሚል ነው። ድንጋይ በሞላበት አገር ድንጋይ የሚሰርቅ ሰው መኖሩ ለብቻው ጥናት ያሻዋል፤ ነገር ግን ጥሩ ታኮ አግኝቶ የማያውቅ ሰው ይህን ሊፈርድ አይችልም።

የአገባቡ ሥርዓት እንዲህ ነው። ከአለም ሳጋ ጫካ ወዲህ አቀበቱ ላይ «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ይነሣል። ሾፌሩ «ታኮ!» ይላል። በዚህ አገር አንድ ቃል በአንድ ፍቺ አይታለፍምና፣ ሊቃውንቱ ባስተማሩን መንገድ እንተርጉመው፦ ታኮ አለ፤ ድንጋዩን አግባ ሲል ነው። አንድም፣ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ከተማሪዋ ጋር ወሬ ይዞ ነበርና፣ አየሁህ ሲል ነው። አንድም፣ ፍሬኑን ላስመረምረው ብዬ ነበር፣ ዛሬም አልተመቸኝም ሲል ነው። ረዳቱ መኪናው ሳይቆም ይወርዳል፤ ድንጋዩን የኋላ ጎማ ሥር ይሰነቅረዋል፤ ወራጁ ከነበጉ ይወርዳል። ማውጣቱ ከማግባቱ ይከብዳል። ሾፌሩ ሞተሩን አስጩሆ መኪናውን አንድ ስንዝር ወደ ፊት ሲያንቀሳቅሰው፣ ረዳቱ ድንጋዩን መንጭቆ ይሮጣል፤ አስቀድሞ ድንጋዩን ወደ ውስጥ ይወረውራል፤ ቀጥሎ ራሱ ይገባል። ይህ ቅደም ተከተል ሲዛነፍ አልታየም። ረዳቱ ቢቀር መኪናው ይሄዳል፤ ድንጋዩ ቢቀር የሚቀጥለውን አቀበት እንጃ።

ወረታ የምትገኝበት ፎገራ በቀልዳቸው የሚታወቁትን አለቃ ገብረ ሃናን ያፈራ ምድር ስለሆነ የወረታ ተሳፋሪ ነገር አያሳልፍም። ድንጋዩ እግራቸው ሥር ያረፈባቸው አንዲት እናት «ልጄ፣ ለእሱም ሂሳብ ተቀብለሃል?» ብለው ጠየቁ። ረዳቱ «እሱ የመሥሪያ ቤት ነው እሜቴ፣ እግርዎን ያንሱልኝ» አላቸው። ሴትዮዋ እግራቸውን አነሡ። «የመሥሪያ ቤት ከሆነማ ጋቢና አታስቀምጠውም?» አሉ።

የታኮ ታሪክ ከመኪና ይቀድማል። ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብላ በምትገኘው ጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን ሚስዮናውያን እጅ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ አሠሩ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ መድፉን በሰረገላ ጭነው ወደ መቅደላ አቀኑ። ጉዞው መንፈቅ ያህል ፈጀ። ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ሲጠርጉ እንደነበር በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። በገመድ ስለጎተተው ሕዝብም ብዙ ተብሏል። ቅሬታችን ይህ ነው፦ ጸሐፊዎቹ ሁሉ ከፊት ያለውን አዩ፤ ከኋላ ድንጋይ ይዞ የሚከተለውን ግን አንድም አላነሣም። ያን ያህል ብረት ያለ ታኮ አቀበት ወጣ ብሎ የሚከራከር ካለ፣ የጨጨሆን አቀበት በጭነት አይሱዙ ወጥቶ ይምጣና እንነጋገር።

ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ ቶዮታ ሃያስ የተባለውን ሚኒባስ ለገበያ አወጣ። በመቶ ዓመት ውስጥ ጎማው፣ ሞተሩና መንገዱ ተሻሽለዋል። ታኮው ማሻሻያ አላስፈለገውም።

እንዲያውም ታኮ ከማንም ይልቅ አዛውንት ነው። የዚህ ደጋ ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰ እሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ የጉና ተራራ ድንጋይ ልጅ ሆኖ 10 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ነው። መኪናውም ቢሆን ወጣት አይደለም፤ በዕድሜ ግን ታኮውን አይደርስበትም። ችግሩ ይህ አዛውንት ተጓዥ መሆኑ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተሳፍሮ፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ ወረታ ይገባል። የፎገራ ሜዳ እንደ እጅ መዳፍ የተዘረጋ ስለሆነ ታኮ እዚያ ሥራ የለውም፤ ወንበር ሥር ተኝቶ ያሳልፋል፣ አንዳንዴም ተረስቶ ይቀራል። ከብዙ ዘመን በኋላ የሚመጣ የጂኦሎጂ ባለሙያ ሩዝ በሚበቅልበት ጭቃ መካከል የጉናን ድንጋይ ሲያገኝ ጎርፍ ነው፣ በረዶ ነው፣ እሳት ነው ብሎ መጽሐፍ ይጽፋል። ረዳት ነው ብሎ የሚገምት አይኖርም።

የቀረው ምድብ ሙት ታኮ ነው፤ እዚህ ላይ አጥኚው ገለልተኝነቱን ለጊዜው ያነሣል። አይሱዙ ይበላሻል። ከፊትና ከኋላው ማስጠንቀቂያ እንዲሆን ድንጋይ ይደረደራል፣ ቅጠል ይበተናል። ከጎማው ሥርም አራት ታላላቅ ታኮ ይገባል። መኪናው ተጠግኖ ይሄዳል። ቅጠሉን ፍየል ይበላዋል። ድንጋዩ አስፋልቱ መካከል፣ ጉም በሚወርድበት ኩርባ ላይ፣ ይቀመጣል፤ የሚነሣውም ሌላ መኪና ሲመታው ነው። ወዳጄ፣ ስታገባው ሮጠህ፣ ስትሄድ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ዳር መግፋት ምን ነበረበት? ንጉሠ ነገሥት በእጁ ያነሣውን ድንጋይ አንተ በእግርህ መግፋት ከበደህ?

ስለ ባጃጅ ታኮም አንድ ምዕራፍ ታስቦ ነበር። ነገር ግን የደብረ ታቦር ባጃጅ አቀበት ሲያቅተው ተሳፋሪው ወርዶ ከኋላ ይገፋል፤ ወደ ኋላ ቢመጣም የሚያቆመው እሱው ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ከድንጋይ ጥናት ይወጣል። ከታሪፉም ቅናሽ የለውም።