ናፍጣ ነው ቤንዚን?

ድሬዳዋ ውስጥ «ጣራው የሚታጠፍ አሮጌ መኪና ልገዛ ነው» ያለ ሰው ስለ ጣራው የሚጠየቅ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። የግንቦትን ፀሐይ እንዴት ልትችለው ነው ለሚለኝ ኮፍያ አለ፤ አቧራውስ ለሚለኝ መነጽር አለ፤ በዚህ ዕድሜህ ለሚለኝ ደግሞ ዝምታ አለ። መልሱን ሁሉ ሰድሬ ተቀመጥኩ። የጠየቀኝ የለም። ጎረቤት ይሁን የባጃጅ ሹፌር፣ ቀፊራ ገበያ ቲማቲም የምትመዝንልኝ ሴትዮ ሳትቀር፣ ሁሉም የሚለኝ አንድ ነገር ነው።

«ናፍጣ ነው ቤንዚን?»

«ኧረ መኪናው ገና አልተገኘም» እላለሁ።

«እሺ ሲገኝስ? ናፍጣ ነው ቤንዚን?»

ነገሩ ትንሽ ነው፤ አውቃለሁ። ግን እንቅልፍ ይነሳኛል። አገባሁ ያለን ሰው ሙሽራዋን ትቶ ስለ ምድጃዋ እንደ መጠየቅ ነው እኮ።

ለምን እንዲህ እንደሚሉ አይጠፋኝም። ድሬ የፔጆ አገር ናት። ፈረንሳዮቹ ባቡራቸውን ይዘው በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሱ፤ የከዚራን ሰፈር በቀጥታ መንገድና በዛፍ ጥላ አሰመሩ። ዘመን ገፋ፤ ፔጆ 404 መጣና ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ የድሬና የሐረር ታክሲ ሆነ። ባጃጅ ጎዳናውን እስኪነጥቀው ድረስ እናቶቻችን ምጥ ሲይዛቸው የሮጠው፣ ሙሽራ ያጀበው፣ የጫት ጥቅል ከኋላ ጭኖ ከደንገጎ ቁልቁል የተወረወረው እሱ ነው። ስለዚህ እዚህ ከተማ መካኒክ ያልሆነ ሰው የለም። ጠዋት ያልሆነም ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ ይሆናል።

የምፈልገው እሱኑ 404ን ነው፤ ክፍቱን። ታክሲውንም ክፍቱንም የነደፈው ጣሊያናዊው ፒኒንፋሪና ነው፤ የክፍቱ አካል ግን ለብቻው ቱሪን ላይ ነበር የሚሠራው። ሁለት በር፣ ዝቅ ያለ ወገብ፣ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ሸራ። ከታክሲው ጋር የሚጋራው ከሥር ያለውን ነው፤ ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ዲፈረንሻሉን። ከወገቡ በላይ ቱሪን ነው፤ ከወገቡ በታች ግን እዚህ ያለ ማንኛውም ጋራዥ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል።

ከውጭ አስመጣለሁ ማለት ዘበት ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ክንዱን ማበርታቱ ሳያንስ፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ መኪናው መገኘት ያለበት እዚሁ ነው፤ የአንዱ ግቢ ጥግ ላይ፣ ዶሮ ሰፍሮበት።

እንግዲህ ሞተር። እኔ ላወራ የፈለግኩት ስለ ሸራ ነበር፤ እነሱ ናቸው የጀመሩኝ።

የ404 ቤንዚን ሞተር 1618 ሲሲ ነው። ኮፈኑ ዝቅ እንዲል ተብሎ በ45 ዲግሪ ጋደም ያለ ነው፤ ቀትር ላይ መደገፊያ ትራስ እንዳገኘ የድሬ ሰው ሁሉ። በካርቡሬተር የሚሠራው ሲወጣ 72 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ኩገልፊሸር የሚባል የጀርመን ፓምፕ ቤንዚን የሚረጭለት ደግሞ በ85 ጀመረ። የበርጫችን የቤንዚን ወገን መሪ ከባቡር ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ሁሌም የሚጀምረው ከምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ነው። 404 ያንን ራሊ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ. አሸንፏል። ዓመቶቹን የልጆቹን ልደት እንደሚቆጥር አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ የልጆቹን እንኳ አንዳንዴ ይስታል።

የናፍጣ ወገን ረጋ ያለ ነው። ናፍጣው 1948 ሲሲ ነው፤ ካርቡሬተር አያውቅ፣ ካንዴላ አያውቅ፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል ግን ይደርሳል። ደግሞስ ማደያ ላይ የባጃጁን ሰልፍ አይተሃል ወይ? ቤንዚን ሲጠፋ በሃይላንድ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር ልትገዛ ነው ወይ? እዚህ ላይ የባቡሩ ሰውዬ ሳል ይይዘዋል።

ዳኛው ደንገጎ ነው። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሐረርን መንገድ ይዞ ደንገጎ የወጣ ከ2,000 ሜትር በላይ ይሆናል። አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። 72 ፈረስ ፋብሪካው በቆጠረልህ ጊዜ ነው፤ ደንገጎ አናት ላይ አብረውህ የሚደርሱት 58 ቢሆኑ ነው። የቀሩት 14ቱ ከዳገቱ ሥር ግጦሽ ወርደዋል። ውሃም በዚያ ከፍታ በ93 ዲግሪ አካባቢ መፍላት ይጀምራል፤ የድሮ ሹፌር ያለ ጀሪካን የማይወጣው ለዚህ ነው። ፔጆም 404 ላይ ብልህ የሆነ ቬንትሌተር ገጥሟል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ በኤሌክትሪክ ይያያዝና ይዞራል፤ ሲቀዘቅዝ ይላቀቅና ያርፋል። ድሬ የመጡት ቬንትሌተሮች ግን ዕረፍት የሚባል ነገር ያዩ አይመስለኝም።

ናፍጣዎቹ ትልቁን ወሬ ያመጡት ከዚህ በኋላ ነው። በሰኔ 1965 እ.ኤ.አ. ፔጆ አንድ ክፍት 404 ወስዶ ናፍጣ ሞተር ገጠመለት፤ ፓሪስ አጠገብ ሞንሌሪ በሚባለው የእሽቅድምድም ሜዳ ቀንና ሌሊት አስሮጠው፤ በሰዓት ወደ 160 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ አማካይ ፍጥነት 40 ክብረ ወሰን ሰበረ። ናፍጣ! ክፍት መኪና! ቤቱ ጸጥ አለ። የባቡሩ ሰውዬ ቴርሞሱን ከፍቶ ሻይ መኖር አለመኖሩን አየ።

ባለ ወሬው የዘለላትን እኔ ልንገራችሁ። ነፋስ እንዳይዘው ተብሎ የመኪናው ክፍት ቦታ በሙሉ ተደፍኖ ነበር። ሌላው መቀመጫ ሁሉ ተከድኖ፣ ሹፌሩ ብቻውን ከአንዲት ጠባብ ሽፋን ሥር ተቀርቅሮ ነው የነዳው። ናፍጣ ክፍት መኪናን ለክብር ያበቃው ከዘጉት በኋላ ነው ማለት ነው! ይህን ስናገር ያመሰገነኝ የለም፤ ከሁለቱም ወገን አንድም ሰው።

ሦስተኛ ወገን አለ። «አቦ፣ አንድ የቶዮታ ሞተር ግጠምበትና ተገላገል» ይላል። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ እንደተጻፈ፣ ሞተር የቀየረ ሰው ወረቀቱንም ሲያስቀይር እንደሚከርም ይረሳል። አንድ ልጅ ደግሞ ባትሪ ግጠምበት አለኝ። ልጁን እወደዋለሁ፤ ዝም አልኩት። ቮልስ ግዛ፣ ራዲያተር የሌለው ምን ያፈላል ያለም ነበር፤ እውነቱን ነው፤ እሱንም ዝም አልኩት።

መኪና የሚፈልግልኝ ደላላ የደወለው እንዲህ ስንባባል ነው። «ዋሪያ፣ ክፍት ፔጆ ተገኝቷል፤ ሐርላ ነው።»

«ናፍጣ ነው ቤንዚን?» አልኩት። እኔ!

ሐርላ ከድሬ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ገበሬው ሲያርስ ዶቃና ገል የሚያወጣበት መንደር ነው። የጥንቶቹ ሕንፃዎች ድንጋይ ትልልቅ ስለሆነ ድሮ እዚያ የኖሩት ግዙፋን ናቸው ይባል ነበር፤ አሁንም የሚል አይጠፋም። ከእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያ የቅርስ ባለሙያዎች ጋር ቆፍሮ፣ በሰኔ 2009 ውጤቱ ሲነገር፣ ከመሬቱ የወጣው ግዙፍ ሳይሆን ነጋዴ ሆኖ ተገኘ። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲም፣ የመስታወት ዶቃ፣ የባሕር ዛጎል፣ ከየመንና ከማልዲቭስ የመጣ ሸክላ፣ ከቻይናም ሳይቀር። ብርና ነሐስ የሚሠሩ፣ የከበረ ድንጋይ የሚሞርዱ የእጅ ባለሙያዎች ከተማ ነበረች። የሞቱት አፅም ሲታይ ቁመታቸው እንደኔና እንደ እናንተ ነው። ቅር ብሎኛል። ግዙፋን ቢሆኑ ኖሮ ጣራ የሌለው መኪና በእርግጥ የሚያስፈልገው ሕዝብ በታሪክ ውስጥ አንድ ቦታ ይገኝ ነበር።

መንገድ ላይ የማስበው ይህንኑ ነበር። የቻይና ሸክላ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ፣ ከወደብ በግመል ተጭኖ እዚህ ዳገት ላይ ወጥቷል። ዛሬም ቻይና እየመጣ ነው፤ በባትሪ የሚሄድ መኪና ሆኖ። መሐል ላይ የቀረው የኔ ፈረንሳዊ ብቻ ነው። ያኔ ግመሉን «ናፍጣ ነው ቤንዚን?» ያለው ሰው እንደሌለም አሰብኩ፤ ቢኖር የድሬ ሰዎች ቅድመ አያት ነው።

ሐርላ ስንደርስ ባለቤቱ መኪናው የተሸፈነበትን ላስቲክ ገለጠልን። አራት በር።

መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው፤ አራት በር። ሌላውን ለማየት ጊዜ ወሰደብኝ። የለየለት የታክሲ ፔጆ ነው፤ ሰማያዊው ቀለም ከነጩ ሥር ብቅ ብቅ ይላል። ጣራው በብረት መቁረጫ ከላዩ ተነስቷል። የተቆረጠው ጠርዝ እጅ እንዳይልጥ በካላማዳሪያ ተጠቅልሎ በሽቦ ታስሯል። ስፖኪዮው ላይ የፕላስቲክ ጽጌረዳ በሙጫ ተጣብቋል። የሹፌሩ በር አይዘጋም፤ በሪባን ታስሯል።

«የሰርግ ናት» አለኝ ባለቤቱ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ትከራያለች።»

እዚህ ላይ ተናደድኩ፤ እስካሁን የቀለድኩትን እርሱት። ይህ መኪና ሻንሲ ለብቻው፣ አካል ለብቻው አይደለም፤ ጣራው ራሱ ክብደት ይሸከማል። ጣራውን ያነሳ ሰው ወገቡን ሰብሯል፤ በሩ የማይዘጋው ሆዱ ወደ ታች ስለወረደ ነው። ክፍት መኪና የሚሠራ ባለሙያ መጀመሪያ ከሥር ያጠናክራል፤ ለዚህ ነው የሰው ልጅ ለፒኒንፋሪና ገንዘብ የሚከፍለው። እነዚህ ፔጆዎች በ1969 የሶማሊያ ጦር ድሬን ሲደበድብ ነበሩ። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማውን ሲጠርግ ነበሩ። ይህን ሁሉ አልፎ የቆመን መኪና አንድ የቅዳሜ ፎቶ ይብላው? ጥቂት መቶ ሜትር ራቅ ብሎ የ800 ዓመት ዶቃ በቡሩሽ ተጠርጎ፣ ተቆጥሮ፣ በከረጢት ይቀመጣል፤ 60 ዓመት ያገለገለ መኪና ግን ጥበቃ የሚደረግለት መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብቻ ነው መሰለኝ። እንቅበራቸው እንዴ? እንቅበራቸውና ከእንግሊዝ አገር ሰው እስኪመጣ እንጠብቅ?

ይህን ጮክ ብዬ ተናግሬዋለሁ። ደላላው ጫማውን ያይ ነበር። ባለቤቱ ግን አልተቀየመም፤ ሐርላ ላይ ሰው የሚቀየም አይመስለኝም። ልጁን ውሃ እንድታመጣልኝ ላከና፣ «አቦ ተቀመጥ፤ ሞተሯን ሳትሰማት ትሄዳለህ?» አለኝ።

ኮፈኑን ከፈተ። እሷው ናት፤ 1618፣ በጎኗ ጋደም ብላ። የዘይት ጠብታ የለም፤ ካንዴላው ተጠርጓል፤ አንድም ከሌላ መኪና የመጣ ብሎን አላየሁም። ቁልፉን አንዴ አዞረ። ተነሳች። ያን ድምፅ የድሬ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሌሊት አልጋው ላይ ሆኖ የጎረቤት አባት ከሥራ ሲመለስ የሰማው ነው። ባለቤቱ የካርቡሬተሯን ክር በሁለት ጣቱ ሳብ ለቀቅ እያደረገ ያየኛል። ደላላውም ያየኛል። ምን ላድርግ፣ ፈገግ አልኩ።

አልገዛኋትም። ሞተሯን ብቻ ሽጥልኝ ብዬም አልጠየቅኩም፤ ቅዳሜ ሰርግ አለ።

እዚያ ድረስ ከወጣሁ ብዬ ሐረር ዘለቅኩ። መኪና ግርግር ሰፈር የልብስ ስፌት መኪናዎቹ እንደ ወትሮው ተሰልፈው ይንጫጫሉ። ከመሐላቸው አንዱን ሸራ ትሰፋለህ ወይ አልኩት። ይሰፋል። ለመኪና? ለመኪናም። ስለ ጣራው ያናገረኝ የመጀመሪያው ሰው ነው፤ ልስመው ምንም አልቀረኝ። ውፍረቱን፣ ድርብ ስፌቱን፣ የኋላ መስኮቱን ላስቲክ፣ ቀለሙን ሳይቀር ተነጋገርን፤ እኔ የወይን ጠጅ ቀለም አልኩ፣ እሱ አቧራ አያሳይም ብሎ ግራጫ አለ። ቀብድ ልሰጠው ስል ግን እጁን ሰበሰበ። መኪናው ሳይመጣ ልክ አይወስድም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ሁለት በር ያለው፣ ጣራው በፋብሪካ የታጠፈ፣ ዶሮ ቢሰፍርበትም መቁረጫ ያልነካው ፔጆ 404 የት እንዳለ የምታውቅ ካለህ ጠቁመኝ። ናፍጣም ይሁን ቤንዚን። ደላላ እንዳይደውል።