የቡና ላይ ዶክተር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ዶክተር የሚኮነው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ የአሜሪካኖቹ ነው፦ ከሃይስኩል በኋላ 4 ዓመት ኮሌጅ፣ ኤምካት የሚሉት ፈተና፣ 4 ዓመት የሕክምና ትምህርት፣ ከዚያም እንደ ሙያው ከ3 እስከ 7 ዓመት ሬዚደንሲ። ሌላው የእኛ ነው፦ ልጅቷ «ባዮሜዲካል ሳይንስ መረጥኩ» ባለች ማግስት ቡና ይፈላል፣ ፈንዲሻ ይቀርባል፣ ዶክተር ትባላለች። የእህቴ ልጅ በእኛ መንገድ ዶክተር ከሆነች ዓመታት አልፈዋል፤ በአሜሪካኖቹ ግን ገና 12ኛ ክፍል ናት።

የሃይስኩሉ ባዮሜዲካል ሳይንስ ፕሮግራሟ የመጀመሪያ ኮርስ የጀመረው በሬሳ ነበር። አና ጋርሲያ የምትባል የፈጠራ ሴት ቤቷ ውስጥ ሞታ ተገኘች፤ ተማሪዎቹ አሻራውን፣ ደሙን፣ የሕክምና ታሪኳን እየመረመሩ የሞቷን ምክንያት ይፈልጉ ነበር። ልጅቷ ይህን ስትነግራት እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ «ነፍስ ይማር፤ ልጆች አሏት?» አለች።

«እማማ፣ የለችም እኮ! ለትምህርት የተፈጠረች ናት።»

«ብትሆንስ፤ ቀባሪ የላትም?»

ዓመቱን ሙሉ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር ላይ የሚጠብቃት ጥያቄ «ያቺ ምስኪን ከምን ደረሰች?» ነበር። አና የስኳር በሽተኛ እንደነበረች የተሰማ ቀን ግን፣ ራሷ ስኳር ያለባት እናቴ ወሬውን ወደ አየሩ ብርድ አዞረችው።

ቀጥሎ የበግ ልብ መጣ። ልጅቷ ክፍል ውስጥ በምላጭ ከፍታ ማየቷን ስትናገር እናቴ፣ «ባርኮ ያረደው ማን ነው?» አለች።

«አላውቅም፤ በፕላስቲክ ታሽጎ ነው የመጣው።»

«ሥጋውስ የት ገባ?»

መልስ ሲጠፋ ልጅቷ የልቡን ፎቶ ስልኳ ላይ አሳየቻት። እናቴ በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «ይኸኛው ጎኑ ሁልጊዜ ይወፍራል፤ ቢላ ያስቸግራል» አለች። እውነቷን ነው፤ የግራው የታችኛው ክፍል ደምን ወደ መላ ሰውነት ስለሚገፋ ግድግዳው ከቀኙ ይወፍራል። መምህሩ በሥዕል ያስረዱትን እናቴ በየፋሲካው ስትበልት ደርሳበታለች።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደግሞ ሕመምተኛው ይጎርፋል። አንዱ ጉልበቱን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ሌላዋ የመድኃኒት ብልቃጦቿን ከቦርሳዋ እያወጣች ትደረድራለች። ልጅቷ የተማረችው ልቡ የቆመበትን ሰው ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ነው፤ ያንንም በፕላስቲክ ሰው ላይ። «ዶክተር አይደለሁም፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ» ትላቸዋለች።

«አይ ትሕትና!» ይባባላሉ። «የተማረ ሰው እኮ እንዲህ ነው።»

ዋናው ጭንቅ የመጣው ከኮሌጅ ማመልከቻው ጋር ነው። ኮመን አፕ የሚባለው ማመልከቻ፣ ከ650 ቃላት ሳታልፊ ስለራስሽ ጻፊ ይላል። ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብላ ላደገች ልጅ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ለርዳታ ተሰለፈ። አባቷ በሱዳን በኩል የተሰደደበትን መንገድ አቀረበ፤ እናቷ የሌሊት ፈረቃዋን። «እኔ እኮ የተወለድኩት እዚሁ ነው» ብትል፣ «በማን እግር መጥተሽ?» ተባለች። ሱዳን ሳይታለፍ 650ው ቃል አለቀ፤ ለልጅቷ የተረፋት ስሟን መጻፍ ብቻ ሆነ።

ፋፍሳ የሚባለው የመንግሥት የትምህርት ርዳታ ቅጽ ደግሞ የቤተሰቡን ብዛት ጠየቀ። አባቷ ጣቱን ዘርግቶ ከጎንደር መቁጠር ጀመረ።

«እዚህ አብረውን የሚኖሩትን ነው፣ አባዬ!»

«የምልክላቸውን ይጠይቁኝ እንጂ! ገንዘቡ የሚሄደው ወደዚያ ነው።»

በመጨረሻ ልጅቷ ቡና ላይ ቁርጡን ተናገረች። ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባዮኢንጂነሪንግ ልታመለክት ነው። ሐኪም አትሆንም፤ ሐኪም የሚገለገልበትን መሣሪያ ትሠራለች። ቶናው ሲኒ ውስጥ እንዳለ በረደ።

«ትወጊያለሽ ወይስ አትወጊም?» አለች እናቴ።

«አልወጋም፣ እማማ።»

አባቷ ቀድሞ ነቃ። «በኢንጂነሪንግም እኮ ዶክትሬት አለ!» ሲል ቤቱ በሙሉ ተነፈሰ። እንዲያውም «ዶክተር ኢንጂነር» ድርብ ማዕረግ መሆኑ ታስቦ እልል ሊባል ምንም አልቀረው። እኛ ስንጠብቅ የኖርነው መጠሪያውን ነበር፤ ሥራውን ያሰበችበት እሷ ብቻ ናት።

እናቴ ግን በማዕረግ የምትሸነገል ሴት አይደለችም። «ምን ዓይነት መሣሪያ?» አለች።

ልጅቷ የእናቴን ክንድ ያዘች። እዚያ የተለጠፈችው ትንሽ ክብ ነገር ከቆዳ ሥር ካለው ፈሳሽ የስኳሩን መጠን በየጥቂት ደቂቃው እየለካች ወደ ስልክ ትልካለች፤ ወደ እናቴ ስልክ ብቻ ሳይሆን ወደ እህቴና ወደ ልጅቷም ጭምር። እናቴ ቡናዋ ላይ ሦስተኛ ማንኪያ ስኳር ጨምራ ብዙ ሳይቆይ ሌላ ሰፈር ስልክ ይጮኻል።

«እንዲህ ያለውን ነው የምሠራው» አለቻት።

«ይሄን አሳባቂ?»

«የተሻለውን፣ እማማ።»

እናቴ አሰብ አደረገች። «እንግዲያው ሥሪ፤» አለች የስኳሩን ዕቃ ወደ ራሷ እየሳበች፣ «የአንቺው ግን በፋሲካ የሚተኛ ይሁን።»