ሐሳቤ ተነሥቷል

የስብሰባ ጠላት በዝቷል። ሰው በታክሲ፣ በምሳ ሰዓት፣ ልቅሶ ቤት ሳይቀር “እነዚህ ሰዎች ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው” እያለ ያማናል። ከስብሰባም በተለይ የሚብጠለጠለው “የሐሳብ ማፍለቂያ መድረክ” የምንለው ነው። እኔ በመሥሪያ ቤታችን ቃለ ጉባኤ ስይዝ 18 ዓመት ሆኖኛል። ቢፒአር ሲመጣ ጽፌያለሁ፣ ውጤት ተኮር ሲመጣ ጽፌያለሁ፣ ካይዘን ሲመጣም ጽፌያለሁ። የለውጡ ስም ይቀያየራል እንጂ ሻይ ቡናው ያው ነው። ስለዚህ ለመድረኩ ጥብቅና የሚቆም ሰው ከተፈለገ ከእኔ የተሻለ አይገኝም።

ሰኔ ላይ ነው። በጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ የሥልጠናው በጀት ደግሞ አልተነካም። ተመላሽ ከሚሆን ሐሳብ ይፍለቅበት ተባለና አርብና ቅዳሜ ቢሾፍቱ ወረድን፣ ሠላሳ ስምንት ሆነን። ርእሱ “የተገልጋዮችን ወረፋ እንዴት እናሳጥር?” የሚል ነበር። ወረፋው እውነት ነው። ማረጋገጫ ደብዳቤ ሊያወጣ የመጣ ሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተሰልፎ ከሰዓት በኋላም እዚያው ይገኛል።

ሥራ አስኪያጃችን መድረኩን የከፈቱት በተረት ነው፤ “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” አሉ። ተጨበጨበ። (ማክሲሚሊየን ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ ሎሚውን ትቶ ሰዎችን ገመድ አስጎትቶ ነበር። በ1913 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ላይ ጎታቹ ስምንት ሲሆን እያንዳንዱ የሚያወጣው ጉልበት ለብቻው ሲጎትት ከሚያወጣው ግማሽ ገደማ ነው። እሱ ግን ጭብጨባውን ስላልሰማ አይፈረድበትም።) ቀጥለው ሥራ አስኪያጁ “ዛሬ አለቃም ምንዝርም የለም፤ ሁላችንም እኩል ነን” አሉ። ይህን የተናገሩት አበባና የታሸገ ውሃ ከተደረደረበት፣ ከሌላው ወንበር ከፍ ካለው ወንበር ላይ ሆነው ነው። “እኔ ለመነሻ ያህል ብቻ አንድ ሐሳብ ላስቀምጥ” ብለውም 47 ደቂቃ ተናገሩ። መነሻ ሐሳባቸው ቁጥር የሚሰጥ ማሽን ይገዛ የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ሐሳብ እንድናፈልቅ ተጋበዝን።

የዚህ ሐሳብ የማፍለቅ ጥበብ (ፈረንጆቹ “የአእምሮ ወጀብ” የሚሉት) አባት አሌክስ ኦስቦርን የሚባል አሜሪካዊ የማስታወቂያ ሰው ነው። ቢቢዲኦ ከሚባለው የማስታወቂያ ድርጅት ስም መጨረሻ ላይ ያለችው “ኦ” የእሱ ናት። በ1953 እ.ኤ.አ. ባሳተመው “አፕላይድ ኢማጂኔሽን” በተባለ መጽሐፉ አራት ደንብ አስቀምጧል፦ ትችት የለም፣ ያበደ ሐሳብም ይምጣ፣ ብዛት ይፈለጋል፣ አንዱ በሌላው ሐሳብ ላይ ይጨምር። ትችትን የከለከለው ትንሹ ሠራተኛ ትልቁን ፈርቶ አፉን እንዳይዝ ብሎ ነው። እኛ ደንቡን አልሻርነውም፤ ትንሽ ብቻ አሻሻልነው፤ ትልቁ እንዳይተች ከለከልንበት። አወያያችን ማሽኑን ከተዋወቅን በኋላ ደንቡን በፕሮጀክተር አሳየን፤ “ትችት ክልክል ነው” የሚለው በቀይ ተጽፏል። ከማሽኑ በፊት ቢያሳየን ኖሮ ማንን ይጠብቅ ነበር?

ኦስቦርን ሌላም የጻፈው አለ፤ ጥያቄው ለተሳታፊው አስቀድሞ ይድረሰው፣ ሰው ለብቻውም ያስብ ይላል። የቡድኑ ሥራ የግለሰቡን ሐሳብ ይጨምርለታል እንጂ አይተካውም ነው የሰውየው እምነት። ይህን ክፍል ዘለልነው። ለብቻ ለሚያስብ ሰው ውሎ አበል የሚፈቅድ መመሪያ የለማ!

እጅ ማውጣት ተጀመረ። እኔም ቃለ ጉባኤ ያዥ ብሆንም ሰው ነኝና ሐሳብ መጣልኝ። ለማሽን መግዣ ከሚወጣው ገንዘብ በፊት የወረፋው መነሻ የትኛው መስኮት እንደሆነ እንቁጠር ልል ነበር። እጄን አወጣሁ፤ ዘጠነኛ ተመዘገብኩ። አንደኛው ተናጋሪ ለተሰጠው ዕድል አመሰገነ፣ ቤቱን አመሰገነ፣ አዘጋጆቹን አመሰገነ፣ ክቡር ሥራ አስኪያጁ ያነሡትን እንደሚጋራ ገለጸ። ሁለተኛው “ከእኔ በፊት የተናገረው ወንድሜ እንዳለው” ብሎ ጀመረ። አራተኛው ላይ የምሳውን ሽታ ሰማሁት፤ አርብ ስለነበር የጾም ነው። ስድስተኛው ላይ ሐሳቤን እንዳልረሳው በውስጤ እየደጋገምኩ ስለነበር ሰውየው የተናገረውን አልሰማሁም። ስምንተኛው ላይ የምደጋግመውንም ረሳሁት። ተራዬ ሲደርስ ቆሜ “ሐሳቤ ተነሥቷል፣ አመሰግናለሁ” አልኩ። ተነሥቶ የት እንደሄደ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሚካኤል ዲል እና ቮልፍጋንግ ሽትሮበ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1987 እ.ኤ.አ. ይህንኑ የእኔን ችግር አጥንተውታል። በቡድን የሚፈልቀው ሐሳብ የሚያንሰው በዋናነት ተራ በመጠበቅ ነው አሉ፤ አንዱ ሲናገር የሌላው ሐሳብ ይታገዳል። ከእነሱ በፊት በ1958 እ.ኤ.አ. የል ዩኒቨርሲቲ ላይ በተደረገ ሙከራ ለየብቻ ያሰቡ አራት ሰዎች ሐሳባቸው ሲደመር፣ የተደጋገመው ተቀንሶ እንኳ፣ አብረው ከተቀመጡት አራት ሰዎች እጥፍ ገደማ ሆኗል። ይህ ጥናት ለእኛ አይሠራም። እነሱ የቆጠሩት ሐሳብ ነው፤ እኛ የምንቆጥረው ተሳታፊ ነው። ሪፖርቱ ላይም “ሠላሳ ስምንት ሠራተኞች የተሳተፉበት” ተብሎ ተጽፏል።

ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ለማባረር አስጨብጭበው አስዘለሉን። ከዚያ በቡድን ተከፍለን ፍሊፕ ቻርት ታደለን። ማርከሩ ደርቆ ነበር፤ የቡድናችን ጸሐፊ ውሃ ውስጥ እየነከረ ይጽፍበት ነበር። ቴሌቪዥን ይሰቀል፣ ወንበር ይጨመር፣ ወረፋ ጠባቂዎች ስለ ወረፋ ጥቅም ግንዛቤ ይሰጣቸው የሚሉ ሠላሳ አንድ ሐሳቦች ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። ወጀብ ይነሣል ብለን ካፊያ አካፋ።

ታዲያ አንዲት ከተቀጠረች ገና ስድስት ወር ያልሞላት ልጅ፣ ሳትመዘገብ፣ “ማኅተሙ አንድ ብቻ ስለሆነ እኮ ነው። ሁሉም ደብዳቤ አልቆ ማኅተም ነው የሚጠብቀው። የሚቆለፍበትን ቁልፍ ለሁለተኛ ሰው ብንሰጥስ?” አለች።

አዳራሹ ጸጥ አለ። አንድ ሰው አሳለው። የማኅተሙ ኃላፊ ከፊቴ ነበሩ የተቀመጡት፤ እጃቸውን ወደ ሱሪ ኪሳቸው ሰደዱ። ቁልፉ እዚያው ነበር፤ ሲንኮሻኮሽ ሰምቻለሁ። አወያዩ ፈገግ ብሎ “የእኅታችን ሐሳብ በጣም ጥሩ ነው፤ ፓርኪንግ ላይ እናቁመው” አለ። ፓርኪንግ ማለት ከግድግዳው ዳር ለብቻው የተለጠፈ ባዶ ወረቀት ነው። እዚያ የቆመ ሐሳብ ተነድቶ ሲወጣ በ18 ዓመቴ አላየሁም። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን “እንደ ግብዓት ተወስዷል” ብዬ በክብር አስገብቼላታለሁ።

ቃለ ጉባኤውን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልናዘዝ። የጻፍኩት ረቡዕ ነው፣ ከመሄዳችን በፊት። “ሰፊና ጥልቅ ውይይት ከተካሄደ በኋላ የማሽኑ ግዢ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል” ይላል። ባዶ የተውኩት ስብሰባው የተዘጋበትን ሰዓትና “እንደ ግብዓት” ለሚወሰዱት ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ሰው በስንፍና ይወቅሰኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ቅልጥፍና እለዋለሁ። ካይዘንስ ብክነትን አስወግዱ አይደል የሚለው?

አንድ የማስጠነቅቃችሁ አደጋ አለ። በርንት ሮርባህ የሚባል ጀርመናዊ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያመጣው ዘዴ በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች መወራት ጀምሯል። ስድስት ሰው ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ በአምስት ደቂቃ ሦስት ሐሳብ ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ወረቀቱን ለጎረቤቱ ያቀብላል፣ በስድስት ዙር 108 ሐሳብ ይሞላል። ንግግር የለም፣ መነሻ ሐሳብ የለም፣ የትኛው የሥራ አስኪያጁ እንደሆነ መለየትም ያስቸግራል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በግማሽ ሰዓት ያልቃል። ለግማሽ ሰዓት ሥራ ቢሾፍቱ ድረስ ማን ይወስደናል? እንዲህ ያለ ነገር የሚያስተዋውቅ ሠራተኛ ካያችሁ በጊዜ ለኃላፊው አሳውቁ።

ሰኞ ስንመለስ እየዘነበ ነበር። ወረፋው ከግቢው በር ወጥቶ አስፋልቱ ደርሷል። ዘበኛችንን ምን ተፈጠረ ብዬ ብጠይቀው፣ “አርብ የመጣውን ሁሉ የማኅተሙ ቁልፍ ቢሾፍቱ ነው፣ ሰኞ ኑ ብዬ መለስኩት” አለኝ። ማሽኑም በነሐሴ መጣ። አሁን ሰው ወረፋውን የሚይዘው ቁጥር ጨብጦ ነው።

የሚቀጥለው መድረክ “ማሽኑ ተገዝቶ ወረፋው ለምን አላጠረም?” በሚል ርእስ ሐዋሳ ላይ ይካሄዳል። ቃለ ጉባኤው ተዘጋጅቷል። ማረጋገጫ ደብዳቤ የምትፈልጉ ግን እስከ ረቡዕ ኑ፤ ሐሙስ ጠዋት ቁልፉ ከእኛ ጋር ይሳፈራል።