በራሴ ላይ ያሰርኋት ሣር

ሰው አገር ለማየት ሲወጣ ሻንጣውንና ገንዘቡን እንዲጠብቅ የሚመክረው አያጣም፤ እጄን ከሣር እንድጠብቅ የነገረኝ ግን አንድ ስንኳ ባለመኖሩ፣ በጃፓን አገር በኪዮቶ ከተማ፣ በሰኔ 23 ቀን፣ ያልሠራሁትን የብዙ ሕዝብ ኀጢአት በራሴ ላይ ጠምጥሜ ቆምሁ።

ጃፓናውያን በየመንፈቁ፣ ማለት በጁን 30 እና በዲሴምበር 31፣ ካለፉት ስድስት ወራት እድፍ የሚነጹበት ሥርዐት አላቸው፤ የበጋውንም «ናጎሺ ኖ ሐራኤ» ይሉታል። ቺጋያ ከሚባለው፣ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ከሾለ ሣር የተጠመጠመ፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ «ቺኖዋ» የሚሉት ቀለበት በመቅደሱ ቅጽር ይተከላል፤ ሰዉም መጀመሪያ በግራ፣ ቀጥሎ በቀኝ፣ ደግሞ በግራ እየዞረ ሦስት ጊዜ ያልፍበታል። ትውፊቱን ሲተርኩ፣ ሶሚን ሾራይ የተባለ ድኻ፣ ባለጸጋ ወንድሙ ማደሪያ የነፈገውን መንገደኛ ተቀብሎ አሳደረ፤ እንግዳውም አምላክ ኖሮ፣ የሣር ቀለበት በወገቡ የታጠቀ ከመቅሠፍት ይድናል አለው ይላሉ። የአብርሃምን ድንኳንና በደም የተቀባውን የእስራኤልን መቃን ሲሰማ ላደገ ሰው ይህ ባዕድ ታሪክ አይመስልም፤ የጥፋቴም ሥር ይኸው ቤተኛ መሆኔ ነው።

ሁለተኛውን ዙር በቀኝ መዞር ሲገባኝ በግራ ዞሬ ከአንዲት ባልቴት ጋራ ግንባር ለግንባር ተገናኘን፤ እርሳቸው እጅ ነሡ፣ እኔም እጅ ነሣሁ፣ እርሳቸውም ከእኔ ላለማነስ ዝቅ ብለው ደገሙ፤ እንዲህ ስንከባበር ከኋላችን ያለው ሰልፍ ሁሉ ቆመ። እፍረቴን በመንፈሳዊነት ልሸፍን ብዬ፣ በቀዳም ሥዑር ቄጤማ በራሳችን እንደምናስር ትዝ ቢለኝ፣ ከቀለበቱ አንዲት ረጅም ሣር መዝዤ በግንባሬ ላይ አሰርኋት።

ሰልፉ ጸጥ አለ። አስተርጓሚዬ የነበረው ወጣት ተማሪ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ «ጌታዬ፣ ሣሩ እኮ የሚያልፍበትን ሰው ሁሉ እድፍ ይቀበላል ነው የሚባለው፤ እርስዎ የመዘዙት የነዚህን ሁሉ ነው» አለኝ። ከጧት ጀምሮ ያለፈውን ሕዝብ አሰብሁ። የባልቴቲቱስ ቀላል ይሆናል፤ ከፊቴ ያለፉት ወፍራም ነጋዴ ግን አሳሰቡኝ።

ካህኑ ሳይቈጡ በሰው አምሳል የተቈረጠ ወረቀት ሰጡኝ፤ ስምና ዕድሜ ይጻፍበታል፣ ገላ ይታሸበታል፣ እፍ ይባልበታል፣ ኀጢአቱንም ተሸክሞ በውሃ ይሸኛል። ሸክሜን አውቀዋለሁና ሁለተኛ እንዲጨምሩልኝ ለመንሁ፤ ተማሪው ይህን ሊያስተረጕምልኝ አልወደደም። በዚያው ዕለት የሚበላውን «ሚናዙኪ» የተባለ፣ አዙኪ የሚሉት ቀይ ጥራጥሬ የተደረደረበት ባለሦስት ማዕዘን ጣፋጭ ግን ሁለት አስጨምሬ በላሁ።

የሚቀጥለው መንጻት በዲሴምበር 31 ነው፤ የእኔ የመመለሻ ትኬት ግን ሣሯን ለመዘዝሁበት ቀን ማግሥት ተቈርጦ ነበር።