ሞተሩ ሞቆ ጠበቀን

አል-ሳሃፋ ወንዝ የለውም። ከካርቱም መሀል በስተደቡብ የተዘረጋ፣ አቧራና የኒም ዛፍ የማያጣ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ዓባይን ማየት ያማረው ሰው አውቶቡስ ይጠብቃል፤ ገንዘብ ካለው አምጃድ የሚሉትን ታክሲ ይይዛል። እኛ ግን ጀልባ ልንገዛ የሄድነው እዚያው ሳሃፋ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ወዳለ አንድ ግቢ ነበር። ጀልባዋ ተጎታች ላይ ተቀምጣ፣ አፍንጫዋን ወደ ጎረቤት የልብስ ማስጫ አዙራ ጠበቀችን። ከሥሯ አንዲት ፍየል ጥላ ይዛ ተኝታለች።

«እኛ» ያልኩት ዕቁብተኞቹን ነው። አምስት ነን፦ ሃያ ዓመት ሱዳን የኖሩት ጋሼ፣ ሳሃፋ ውስጥ ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ፣ ሐዋላ የሚያሯሩጠው ጓደኛችን፣ ረክሻ፣ የእኛን ባጃጅ፣ የሚነዳው ልጅና እኔ። ጊዜው 2015 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም ገና እንደገባ ነው። ሐሳቡን ያመጡት ጋሼ ናቸው። ዓርብ ዓርብ በናይል ጎዳና ዳር ቆመው ቤተሰብ እየጫኑ ወደ ቱቲ ደሴት የሚያንሸራሽሩትን ጀልባዎች ሲያዩ ኖሩ፣ ኖሩና አንድ ቀን «ውሃው ከእኛ አገር መጥቶ ሌላው ይነግድበታል!» አሉ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ንግድ መሆኑ ቀርቶ የአገር ጉዳይ ሆነ። የአገር ጉዳይ ላይ ሒሳብ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ስሙ አያምርም።

ጀልባዋ ለሽርሽር የተሠራች አልነበረችም። ግቢው ውስጥ የተቀበለን ደላላ እንዳለው ከፖርት ሱዳን የመጣች፣ ለስፖርት ዓሣ ማጥመጃ የምትሆን፣ በናፍጣ የምትሄድ ናት። ግራና ቀኟ ላይ የመንጠቆ ዘንግ የሚሰካባቸው ቱቦዎች አሏት። ኋላዋ ላይ የፀጉር አስተካካይ ወንበር የሚመስል፣ የሚሽከረከር፣ እግር መርገጫ ያለው መቀመጫ ተተክሏል። ባሕር ላይ ትልቅ ዓሣ ሲነክስ አጥማጁ እዚያ ተቀምጦ ነው የሚታገለው። ጋሼ ወጥተው ተቀመጡበት። አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ዞሩ። ጀልባዋ የተሸጠችው ያን ጊዜ ነው። የቀረው ሁሉ፣ ምርመራው፣ ክርክሩ፣ ሻዩ፣ ወግ ለማድረስ ያህል ነበር።

ለነገሩ ሱዳኖች ዒጅል የሚሉት የዓባይ ዓሣ ከመቶ ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል ወንበሩን አያሳፍርም። ግን ካርቱም ውስጥ ዓሣ ያማረው ሰው ኦምዱርማን፣ መውረዳ ገበያ ሄዶ ይገዛ ነበር፤ ወይም ነጭ ዓባይን ይዞ ወደ ደቡብ ወጣ ይልና እንግሊዞች በ1937 እ.ኤ.አ. ሠርተው በጨረሱት የጀበል አውሊያ ግድብ አካባቢ የተጠበሰውን ይበላ ነበር። ታግሎ የሚበላ ሰው አላጋጠመኝም።

ምርመራው ተጀመረ። ረክሻ ነጂው ልጅ ልማድ ሆኖበት ጎማ በእግሩ መታ። ጀልባ ጎማ ስለሌላት የመታው የተጎታችውን ነው። «ጎማው አዲስ ነው» ብሎ አበሰረን፤ ሁላችንም ደስ አለን። የሐዋላው ጓደኛችን ስፒከሮቹን አስከፍቶ ድምፁን እስከ ጫፍ ለቀቀው። ፍየሏ ተነሥታ ሄደች። ጋሼ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ደላላውን የየት ልጅ እንደሆነ፣ ስንት ልጆች እንዳሉት፣ አባቱ በሕይወት መኖራቸውን ጠየቁት። ደላላውም ለሁሉም ጥያቄ «ሚያ ሚያ!» እያለ መለሰ። መቶ በመቶ ማለቱ ነው። ሞተሩ ሚያ ሚያ፣ ቀፎው ሚያ ሚያ፣ አባቱም ሚያ ሚያ።

የቀድሞው ባለቤት ሐኪም ነበር ተባልን። ይህን ስሰማ አገሬ የገባሁ ያህል ተሰማኝ። አዲስ አበባም ለሽያጭ የምትቀርብ አሮጌ መኪና ሁሉ ወይ የሐኪም ናት፣ ወይ ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የማይሄዱ የአንዲት እናት ናት። ያቺን መኪና ገደል ለገደል የነዳት፣ ጠጠር የጫነባት፣ ዘይት ሳይቀይር ዓመት የከረመባት ሰው የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ሰዓት ቆጣሪውን አየሁ። የጀልባ ሞተር የሚመዘነው በተጓዘው ኪሎ ሜትር ሳይሆን በሠራበት ሰዓት ነው። 412 ይላል። «ገና ልጅ ናት!» አለ ደላላው። ደህና የተያዘ የናፍጣ ሞተር ብዙ ሺህ ሰዓት ይሠራል፤ ስለዚህ 412 ሲባል ልብ ይሞቃል። ይሁን እንጂ የጨው ውሃ ጠጥታ ለዓመታት የቆመች ጀልባ ሰዓት አትቆጥርም፣ ዝገት ግን ትቆጥራለች። ቆጣሪው ራሱም በአንዲት ሽቦ የታሰረ ዕቃ ነው። ሽቦዋ ከተነቀለች ጊዜ ይቆማል። ይህን ለማለት አፌን ስከፍት ጋሼ፣ «ሰምተሃል? አራት መቶ ብቻ!» አሉኝ። ዘጋሁት።

እጄን ሞተሩ ላይ አሳረፍኩ። ሞቋል።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ የሚነሣው ታምቆ በጋለ አየር ነው። ፒስተኑና ፋሻው ካለቁ እመቃው ይደክማል፣ ጠዋት በብርዱ ሲያስነሡት ያቃስታል፣ ያጨሳል፣ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። አንዴ ከሞቀ በኋላ ግን ኃጢአቱን ይሸፍናል፤ በአንድ ቁልፍ ይነሣል። ስለዚህ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ሞተሩን ያሞቀ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለው ብሎ መጠርጠር ደንብ ነው። «ለምን ሞቀ?» አልኩት። ደላላው ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ፤ «ፀሐዩ!» አለ። የካርቱም ፀሐይ ለደላላ የተፈጠረ ምስክር ነው። ማን ይሞግተዋል?

ሞተሩ ይነሣ ሲባል ውሃ አስፈለገ። የዚህ ዓይነቱ የጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከውጭ እየሳበ በሚያስገባው ውሃ ነው። ያለ ውሃ መሬት ላይ ካስነሡት የፓምፑ የጎማ ክንፍ ወዲያው ይቃጠላል። የቧንቧው ውሃ ጠፍቶ ስለነበር በአህያ ጋሪ፣ ሱዳኖች ካሮ በሚሉት፣ ሁለት በርሜል ውሃ ተገዛ። ጋሪው ግቢ ገባ፣ ጎማ ቱቦ ተዘረጋ፣ አህያዋ ከጀልባዋ ጎን ቆመች። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሣ። ጭብጨባ ሆነ።

ጭሱ በመጀመሪያ ነጭ ነበር፣ ቆይቶ ወደ ሰማያዊ አደላ። ጥቁር ጭስ ሞተሩ አየር አነሰው ወይም ነዳጅ በዛበት ማለት ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፤ ሞቆ እያለ ነጩ ካልጠፋ ደግሞ ወይ ናፍጣው በቅጡ አልተቃጠለም፣ ወይ ውሃ የማይገባበት ቦታ ገብቷል። ረክሻ ነጂው ግን፣ «ነጭ ከሆነ ንጹሕ ነው» ብሎ ፈረደ። ተቀባይነት አገኘ።

በዚያ ግቢ ውስጥ ጀልባ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ ያም ጀልባ አይቶ የማያውቀው ባለ ጋሪ ነው። ሰውየው ውሃ ሻጭ ስለሆነ ዓይኑ ከውሃው አልተነቀለም። የመጀመሪያው በርሜል ሲጋመስ ወደ ጭስ ማውጫው ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ተመለሰ። «ያ ዙል፣ ውሃዬ ገብቷል፤ አልወጣም» አለ። እውነት ነበር። ወደ ሞተሩ የገባው ውሃ ከጭሱ ጋር ተረጭቶ መውጣት ነበረበት። የሚወጣው ግን እንደ አዛውንት ሽንት ጠብ ጠብ የሚል ነው። የቀረው የት ሄደ? ደላላው «ጠምቷት ነው፣ ብዙ ቆማለች» አለ። ሁላችንም ሣቅን። ባለ ጋሪው አልሣቀም፤ ሒሳቡን ተቀብሎ አህያውን እየነዳ ሄደ።

እትዬ እስካሁን ዝም ብለው ቆይተዋል። እኔ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዤ ሳወጣ አንገታቸውን አሰገጉ። ዘይቱ ጥቁር አይደለም፤ የቡና ወተት መልክ ይዟል፣ አረፋም አለው። «ማኪያቶ!» አለ የሐዋላው ጓደኛችን በናፍቆት። እትዬ ጣታቸውን አስነክተው አሹት፤ «ልጄ፣ ይሄ ውሃ የገባበት ዘይት ነው» አሉ። የባለ ጋሪው ውሃ ተገኘ ማለት ነው፤ ቢያንስ ከዚያ በፊት የገባው ወንድሙ። ዘይትና ውሃ የተቀላቀለበት ሞተር ውሎ አድሮ ይወርዳል፤ የጀልባ ሞተር ማውረድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወለሉን መክፈት ይጠይቃል። ደላላው «ዘይቱ አዲስ ስለሆነ ነው» አለ። ጋሼም ከወንበራቸው ላይ፣ «እትዬ፣ ይሄ ወጥ አይደለም» አሉ። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ጥላው ሄዱ።

እኔም ድፍረቴ ስላልሞላ ቀፎውን ማንኳኳት ጀመርኩ። ፋይበርግላስ በትንሽ መዶሻ ወይም በጠመንጃ መፍቻ እጀታ ሲመታ ደህናው ጠንከር ያለ፣ የጠራ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ ያለው እንጨት ውሃ ጠጥቶ የበሰበሰው የረጠበ ካርቶን እንደመምታት ነው። ከኋላ በኩል፣ አዲስ ሰማያዊ ቀለም የተቀባው ቦታ ላይ ስደርስ መዶሻዬ ድምፅ አጣ። ቀለሙ ግን እጅግ ያምራል። ሁሉም መጥቶ ነካው።

ነዳጁን ያሰላ አልነበረም። እኔ ማታ ቤቴ ገብቼ አሰላሁት፦ የናፍጣ ሞተር ሙሉ ኃይሉን ሲሰጥ ለአንድ ፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.2 ሊትር ገደማ ይፈጃል። የእኛዋ ባለ 300 ፈረስ ነች ተብሏል፤ በሰዓት ወደ 60 ሊትር መሆኑ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ደቡቡ ሲገነጠል አብዛኛው የነዳጅ ጉድጓድ አብሮት ሄዶ፣ ካርቱም ከዚያ ወዲህ የማደያ ሰልፍ እየደጋገመ የጎበኛት ከተማ ናት። ቱቲን አንድ ጊዜ ለመዞር የሚበቃ ናፍጣ ለማግኘት ረክሻውን መሸጥ ሳይኖርብን አይቀርም።

ሆኖም ከሁሉ ከባዱ ነገር «ጀልባዋ ውሃ ላይ ወርዳ እንያት» ማለት ነበር። መሬት ላይ የሚጮኽ ሞተር ሸክም የለበትም፤ ባዶ እጁን የሚሮጥ ሰው ማለት ነው። ጉልበቱ የሚታወቀው ወንዝ ገብቶ፣ እስከ መጨረሻው ተነድቶ፣ ሙቀቱ ሲጠበቅ ነው። ይህን ለመጠየቅ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ደላላው ጾመኞች መሆናችንን ዐውቆ አይብ የሌለበት ፉል አስመጥቶልናል። ቡናም በጀበና ተፈልቶልናል። የሰውን ፉል በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ዕቃውን ደግሞ አላምንህም ማለት እንዴት ይሆናል? መካኒክ ይዞ መምጣትማ ለሽምግልና ጠበቃ ይዞ እንደመሄድ ነው። እኛ ሰዎች በሦስት ሳህን ፉል ይሉኝታ ይይዘናል፣ የሁለት ዙር ዕቁብ ገንዘብ ሲሄድ ግን አይይዘንም።

ለማንኛውም አንገቴን ደፍቼ ጠየቅሁት። ደላላው ፊቱ ተለወጠ። «አላመናችሁኝም?» አለ። ጋሼ በእኔ ፈንታ ይቅርታ ጠየቁ።

ካርቱም ውስጥ መሬት ላይ የወጣች ዝነኛ ጀልባ አለች፤ ስሟ መሊክ ነው፣ ንጉሥ ማለት። በ1896 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ተሠርታ፣ ተፈታትታ መጥታ፣ በ1898 ኦምዱርማን ጦርነት ላይ የተዋጋች የእንግሊዝ የጦር ጀልባ ናት። በጡረታዋ ጊዜ በጥቁር ዓባይ ዳር ያለው የጀልባ ክበብ ቤት ሆና ኖራለች። መሊክ ተኩሳ፣ ተንሳፍፋ፣ ከዚያ ነው የብስ ላይ ያረፈችው። የእኛዋ ሥራ ሳትጀምር በቀጥታ ጡረታው ጋ ደርሳለች።

በመጨረሻ የእኔ ልመና ተሰማና ሙከራው ተፈቀደ፤ ዕቁቡ የሚወጣው ለበዓሉ ስለነበር ለፋሲካ ማግስት ሰኞ ተቀጠርን። ቅዳሜ ሥዑር ጠዋት፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015፣ እትዬ ሽንኩርት እየከተፉ ሳለ ካርቱም ላይ ተኩስ ተከፈተ። የዕቁቡ ገንዘብ ለመንገድ ሆነ። በገዳሪፍ አድርገን መተማ ገባን። በዚያ መንገድ ላይ ስለ ጀልባ ያነሣ ሰው አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ረክሻ ነጂው ልጅ ደወለልኝ። አሁን ባሕር ዳር ነው። ጣና ላይ ቱሪስት የምታመላልስ አሮጌ የናፍጣ ጀልባ ለሽያጭ ቀርባ፣ ምን ምን ማየት እንዳለበት ሊጠይቀኝ ነው። ደስ አለኝ። በማለዳ፣ ሳትነግራቸው ሂድ፤ መጀመሪያ እጅህን ሞተሩ ላይ አድርግ፣ ከሞቀ ቡናውን ጠጥተህ ተመለስ፤ የዘይቱን መልክ እይ፤ ኋላዋን አንኳኳ፤ ሐይቁ ላይ እስከ መጨረሻው ንዳት አልኩት። በጥሞና ሰማኝ። ሁሉንም እንደሚያደርግ ማለልኝ። ስንሰነባበት ነው ቀብድ ከከፈለ ሦስት ቀን እንደሆነው የነገረኝ።