ምርቃቱ ይቅርብኝ

«ልጅህን ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም ያድርግልህ!» ብሎ ጎረቤቱን የመረቀውን ሰውዬ፣ አጠገቡ የተቀመጡት ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ዞር ብለው አዩትና «ምነው፣ ልጁ ምን አደረገህ?» አሉት።

«እንዴ ጋሼ! ከዚያ በላይ ምን ወታደር አለ?»

«የለም። ከበላዩ ሰው ስለሌለ እኮ ነው ሁሉም እሱን የሚያነጣጥረው።»

«ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊን ያህል ሰው የተቀመጠበት ወንበር አይደለም እንዴ?»

«ተቀምጠውበት፣ ተነሥተው ሲቪል ሚኒስትር ሆነው ነበር። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ግን ለዓመታት ሲያዙት የነበረው ክቡር ዘበኛ ገነተ ልዑል ላይ አግቷቸው፣ ከሌሎቹ ታጋቾች ጋር እዚያው ተገደሉ። ከወንበሩ መነሣትም አያድንም።»

«ጄኔራል መርዕድ መንገሻስ? ያንን ግርግር ያከሸፉት እሳቸው አይደሉም?»

«ናቸው፤ መከላከያ ሚኒስትርም ሆኑ። በል አንድ አገኘህ፤ ቁጠር።»

እዚህ ላይ እኔም ጣልቃ ልግባ። በንጉሡ ዘመን ወንበሩ ከፍታ እንጂ ጉልበት አልነበረውም። ክቡር ዘበኛው ለብቻው፣ ምድር ጦሩ ለብቻው፣ አየር ኃይሉም ለብቻው፤ ሁሉም ዓይኑ ጃንሆይ ላይ ነው። በእኔ ግምት ኤታማዦር ሹሙ ሁሉን ያዛል ተብሎ የተሾመው ማንንም እንዳያዝ ነው። ቤተ መንግሥት ወታደሩ ሲተባበር አይወድም፤ ያኔም፣ ከዚያም ወዲህ።

«አማን አንዶም ግን ጀግና ነበሩ!» አለ ሰውዬው፣ እጅ መስጠት ሳይፈልግ።

«ጀግናማ ነበሩ። በ1956 ኦጋዴን ላይ ሶማሊያን ገጠሙና ‘የበረሃው አንበሳ’ ተባሉ፤ ሽልማታቸው ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ገብቶ መቀመጥ ሆነ። አንበሳን ሴኔት ማስገባት የእኛ ብልሃት ነው! አብዮቱ መጣ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ኤታማዦር ሹም፣ መከላከያ ሚኒስትር፣ የደርግ ሊቀ መንበር አደረጋቸው። ኅዳር 14 ቀን 1967 በረሃ ያልጣላቸው ሰው አዲስ አበባ፣ ገዛ ቤታቸው ውስጥ እየተታኮሱ ወደቁ።»

«መርዕድ ንጉሤ…»

«ግንቦት 8 ቀን 1981። መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን በረረ፤ ጄኔራሎቹ መከላከያ ሚኒስቴር ተሰብስበው ሲመክሩ ዋሉ። አገር የሚገለብጥ ሰው ስብሰባ ያበዛል? ሲከበቡ መርዕድ የገዛ ሽጉጣቸውን መረጡ።»

«ተተኪው አዲስ ተድላ ግን በሕይወት ተረፉ!» ብሎ ሰውዬው ጠረጴዛውን መታ።

«አዎ፣ ዕድሜ ለኢጣሊያ ኤምባሲ! ግንቦት 1983 እንደገቡ 29 ዓመት። እኛ ለቪዛ ሌሊት ተነሥተን ኤምባሲ በር ላይ እንሰለፋለን፤ እሳቸው ውስጥ ኖረው ኖረው ሮምን ሳያዩ ወጡ።»

«ኢሕአዴግ ጊዜ እንኳ ተረጋግቶ ነበር።»

«ተረጋግቶማ! ጻድቃን እስከ 1993፣ ከዚያ ሳሞራ እስከ 2010፤ 27 ዓመት ከአንድ ድርጅት ታጋዮች እጅ አልወጣም። በመካከሉ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 87 ሠራዊቱ የሕዝቦችን ሚዛናዊ ተዋጽዖ ያካትት አለ። ወንበሩ ግን ማንበብ አልተማረም።»

«ጻድቃን ከተነሡ በኋላ እኮ በሰላም ቢራ ጠመቁ።»

«ራያ ቢራ። ጥሩ ጡረታ ነበር። 2013 ላይ የትግራይ ጦርነት ሲመጣ ግን ትናንት ሲያዙት ከኖሩት ሠራዊት ጋር ጦር ገጠሙ፤ 2015 ላይ ፕሪቶሪያ ሄደው ለድርድር ተቀመጡ። ከቢራውም ከወንበሩም የቱ ይበልጥ እንደሚያሰክር አንተ ፍረድ።»

ሰዓረ መኮንን ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ቀልዱን ተዉት። ሰኔ 15 ቀን 2011፣ ከተሾሙ በዓመቱ፣ ቤታቸው ውስጥ በጠባቂያቸው ጥይት። አብረዋቸው የነበሩት ጄኔራል ገዛኢ አበራም ተገደሉ። በዚህ ላይ የሚያስቀኝ ነገር የለም።

ዝምታውን የሰበረው ሰውዬው ነው። «ለመሆኑ ሕጉ መከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል ይሁን ያለው ለዚህ ይሆን?»

«ብልህ ሕግ ነው። ሚኒስትሩን ከጥይት አራቀና ኤታማዦር ሹሙን ረሳው።»

«አሁን እኮ ማዕረጉ ፊልድ ማርሻል ደርሷል፤ በ2014 ብርሃኑ ጁላ ለብሰውታል። በዱሮው ጊዜ የጃንሆይ ነበር።»

«እሰየው! ግን ጃንሆይንስ አዳናቸው?»

ሰውዬው በመጨረሻ ጥርሱን ነክሶ፣ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ አጥንተው ሲያበቁ እርስዎ ሃምሳ አለቃ ላይ የቀሩት ሰነፍ ሆነው ነው?» አላቸው።

«ስንፍና አይደለም» አሉ መለዮአቸውን እያስተካከሉ። «ዕድገት በመጣ ቁጥር ሆዴን ያመኝ ነበር።»